ድምፅ በኢንተርኔት ስለሄደ ብቻ ወንጀል ሊባል አይገባም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የቢሮ ስልክ የምዘረጋና የምጠግን ባለሙያ ነኝ። ደንበኞቼ አነስተኛ ድርጅቶች፣ ክሊኒኮችና የጉዞ ወኪሎች ሲሆኑ፣ የዕለት ሥራዬም ፒኤቢኤክስ (የአንድን ቢሮ ስልኮች እርስ በርስና ከውጭ መስመር ጋር የሚያገናኝ ማዞሪያ) መትከል፣ ኤክስቴንሽን (የውስጥ ስልክ ቁጥር) ማውጣትና አይጥ የበላውን ኬብል መፈለግ ነው። ከእነዚህ ደንበኞች በየጊዜው የሚቀርብልኝ አንድ ጥያቄ አለ። «ስልካችንን በኢንተርኔት ብናደርገው ያስጠይቀናል ወይ?» ይሉኛል። ሕጉን ገልጬ ቁርጥ ያለ መልስ መስጠት ስላልቻልኩ፣ ጉዳዩ በጋዜጣችሁ ላይ ለውይይት ቢቀርብ ይጠቅማል ብዬ ይህንን ደብዳቤ ጽፌያለሁ።

ጥያቄው ሥር የሰደደ ነው። የቀደመውን የቴሌኮሙኒኬሽን አዋጅ ቁጥር 49/1989 ለማሻሻል የወጣው አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት አማካይነት የድምፅና የፋክስ አገልግሎት መስጠትንም ሆነ መጠቀምን ከለከለ። ያኔ አራት ኪሎ አካባቢ ስድስት ኮምፒውተር ያላት ኢንተርኔት ቤት ነበረችኝ። ከቤቷ ጥግ በኮምፔንሳቶ የከለልኳት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ አረንጓዴ መጋረጃ፣ አንድ ወንበርና በፕላስተር የተጠገነ ማዳመጫ ነበራት። ልጆቻቸው ቤይሩትና ጅዳ ያሉባቸው እናቶች ከጠዋት ጀምረው ይሰለፉባት ነበር። በዳያል አፕ መስመር ድምፅ የሚደርሰው ዘግይቶ በመሆኑ እናትና ልጅ እኩል ይናገሩና እኩል ዝም ይላሉ፤ ከዚያም ሁለቱም በአንድ ጊዜ «ሰማሽኝ?» ይባባላሉ። ከአሥር ደቂቃው ንግግር ሦስቱ «ሰማሽኝ» ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም። ቢሆንም ቴሌ ጣቢያ ወረፋ ጠብቀው ከሚከፍሉት ጋር ዋጋው የማይገናኝ ስለነበር የሚያማርር አልነበረም። አዋጁ ሲወጣ መጋረጃውን አወረድኩ፤ ኮምፔንሳቶውንም ለጎረቤቴ ፎቶ ኮፒ ቤት ሰጠሁት። ሕግ ነውና ያን ጊዜ አልተከራከርኩም።

ክልከላውም ያለ ምክንያት አልመጣም፤ ይህንን መካድ ክርክሩን ያበላሻል። ከውጭ ወደ አገር ቤት የሚደወል እያንዳንዱ ደቂቃ፣ ላኪው ኩባንያ ለተቀባዩ አገር ቴሌኮም በውጭ ምንዛሪ የሚከፍልበት ሥርዓት አለው። የአሜሪካ የፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1997 ይህ ክፍያ በዛ ብሎ ጣሪያ ሲያወጣ እንኳን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የፈቀደው በደቂቃ 23 ሴንት ነበር፤ ብዙ አገሮችም ይህንኑ አነሰን ብለው ተቃውመዋል። የውጭ ምንዛሪ እንደ ውኃ በሚፈለግበት አገር፣ ከአንድ ደቂቃ ንግግር ሃያ ምናምን ሴንት የሚያገኝ የመንግሥት ድርጅት የእኔን አረንጓዴ መጋረጃ በክፉ ዓይን ቢያይ አልፈርድበትም። ሥጋቱ የኢትዮጵያ ብቻም አልነበረም፤ ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በማርች 2001 ጄኔቫ ላይ የጠራው የፖሊሲ መድረክ የመነጋገሪያ ርዕሱ ይኸው በኢንተርኔት የሚደረግ ስልክ ነበር።

ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ወደ ወንጀል ሕግ ገባ። የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 በአንቀጽ 10 ላይ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ ወይም የፋክስ አገልግሎት የሰጠ ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራትና አገኘው ተብሎ የሚገመተውን ገቢ አምስት እጥፍ በሚያህል መቀጮ እንዲቀጣ ይደነግጋል። አገልግሎቱን ያገኘ ሰው ደግሞ ሆን ብሎም ይሁን በቸልተኝነት ያድርገው ከ3 ወር እስከ 2 ዓመት እስራትና ከ2,500 እስከ 20,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል። በቸልተኝነት ስልክ መደወል ምን ማለት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ረቂቁ ይፋ ሲሆን ስካይፕ ሊያሳስር ነው የሚለው ወሬ በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ፤ የመንግሥት ኃላፊዎችም ዒላማው በኢንተርኔት ቤቶች እየተደበቁ ጥሪ የሚሸጡ ሰዎች እንጂ ለግል ጉዳዩ ስካይፕ የሚጠቀም ዜጋ እንዳልሆነ ማብራሪያ ሰጡ። ማብራሪያው በጎ ነበር። ይሁን እንጂ ማብራሪያ ሕግ አይደለም፤ ፍርድ ቤት የሚያነበው አንቀጹን ነው። ስካይፕ ራሱ በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ተዘግቶ ታሪክ ሆኗል። አንቀጹ ግን ከእኛው ጋር አለ።

በመካከሉ የዘርፉ መልክ ተለውጧል። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የቀደሙትን የቴሌኮሙኒኬሽን አዋጆች ሽሮ ገበያውን ለውድድር ከፈተ፤ ራሱን የቻለ ተቆጣጣሪ አካል የሆነውን የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንንም አቋቋመ። በግንቦት 2013 ዓ.ም. በሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ፈቃድ ወሰደ፤ በመስከረም 2015 ዓ.ም. መጨረሻም በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች አዲስ አበባ ውስጥ በይፋ ሥራ ጀመሩ። በአንድ የመንግሥት ድርጅት ዘመን ያንን ድርጅት ለመጠበቅ የተጻፈ የወንጀል አንቀጽ፣ ሁለት ኩባንያዎች በሚፎካከሩበት ዘመንም ቃሉ ሳይለወጥ መቀጠሉ በራሱ እንደገና ሊታይ የሚገባው ጉዳይ ነው።

ዛሬ የእነዚያ እናቶች ስልክ ውስጥ ኢሞ አለ፣ ዋትሳፕ አለ፣ ቴሌግራም አለ። ልጅቷ ጅዳ ሆና ወጥ ስትሠራ እናትየዋ ደሴ ላይ ቁጭ ብላ በቪዲዮ ታያታለች፤ «ሰማሽኝ» ቀርቶ «ምነው ከሳሽ» ሆኗል። ይህ ሁሉ በኢንተርኔት የሚደረግ ስልክ ነው። ጥሪው የሚሄድበት የኢንተርኔት ጥቅል የሚሸጠውም ፈቃድ ባላቸው ኩባንያዎች ነው። ከሳሽ የለም፤ ተከሳሽ የለም፤ ሊኖርም አይገባም። ነገር ግን አገር በሙሉ በየቀኑ የሚያደርገውን ነገር ሕጉ በጽሑፍ ወንጀል ብሎ ሲተወው፣ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ ሰው ሕግን መናቅ ይለምዳል። ሁለተኛው ይብሳል፤ አንቀጹ ለሁሉም ሳይሆን ለተፈለገ ሰው በተፈለገ ጊዜ የሚመዘዝ ይሆናል።

እውነተኛው ጉዳት ያለው ሌላ ቦታ ነው። ወንድሜ ከሜሪላንድ ሲደውልልኝ አንዳንድ ጊዜ ስልኬ ላይ የሚወጣው የአሜሪካ ቁጥር ሳይሆን በ09 የሚጀምር የማላውቀው ቁጥር ነው። ድምፁ ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል፤ ስናወራም ይቆራረጣል። በዚያው ቁጥር መልሼ ስደውል ወይ ጠርቶ ጠርቶ የሚያነሳው ይጠፋል፣ ወይ ዝግ ነው። ወንድሜ እዚያ ለገዛው የጥሪ ካርድ ሙሉ ዋጋ ከፍሏል፤ እኔ ጋ ሲደርስ ግን ጥሪው ከሰፈሬ የተደወለ መስሎ ነው የሚመጣው። ይህ የሲም ቦክስ ሥራ ነው። ሲም ቦክስ ማለት አሥር፣ ሃያ፣ አንዳንዴም ከዚያ እጅግ የበዛ ሲም ካርድ የሚሰካበት መሣሪያ ሲሆን፣ ከውጭ በኢንተርኔት የመጣውን ጥሪ ተቀብሎ ከአንዱ ሲም ካርድ እንደ ተራ የአገር ውስጥ ጥሪ አድርጎ ያስተላልፈዋል። በዶላር መከፈል የነበረበት ደቂቃ በዚህ መንገድ በብር ታሪፍ ያልፋል፤ ልዩነቱ የሳጥኑ ባለቤትና የውጭ ሸሪኩ ኪስ ይገባል። አገርም ታጣለች፣ ወንድሜም ይታለላል፣ እኔም የደወለልኝን ሰው ማንነት አላውቅም። አንድ ወንጀል በእንዲህ ያለ ጥሪ ቢፈጸም መርማሪው የሚያገኘው በማያውቀው ሰው ስም የተመዘገበ ሲም ካርድ ነው።

እንዲህ ያለውን ድርጊት ሕጉ ቢቀጣ ተቃውሞ የለኝም፤ እንዲያውም ይበርታ እላለሁ። ግን የሲም ቦክስ ነፍስ ኢንተርኔት አይደለም። ነፍሱ የዋጋ ልዩነት ነው። ከውጭ ለሚገባው ደቂቃ የሚጠየቀው በዶላር፣ ለአገር ውስጡ ደቂቃ የሚጠየቀው በብር ሆኖ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሰፊ እስከሆነ ድረስ ሳጥኑን ዛሬ ከቦሌ ብታነሱት ነገ አዳማ ይተከላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ካለፈ ወዲህ ደግሞ ርቀቱ በራሱ ጊዜ ሰፍቷል፤ ለውጪው ደቂቃ የተቀመጠው ዶላር ሳይነካ እንኳን በብር ሲመነዘር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ተቆጣጣሪው አካል ሲም ቦክስን ከምር ሊያጠፋ ከፈለገ ከፖሊስ ይልቅ የሒሳብ ባለሙያ ይቅደም። ከውጭ ለሚገባ ጥሪ የሚጠየቀው ዋጋ የት ቢሆን ነው ማጭበርበሩ የማያዋጣው ብሎ ማስላት ያስፈልጋል። ኢንተርኔቱማ መንገድ ነው፤ ኮንትሮባንድ በአስፋልት ስለመጣ አስፋልት አይከሰስም።

ከሙያዬ አንጻር የአንቀጹ ትልቁ ችግር፣ የሚከለክለው ነገር ከሌላው ተለይቶ የሚታወቅ አለመሆኑ ነው። ድሮ የስልክ ድምፅ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለብቻው በተያዘ መስመር ይሄድ ስለነበር «ይህ ስልክ ነው፣ ያ ኢንተርኔት ነው» ማለት ይቻል ነበር። የአራተኛው ትውልድ (4ጂ) ኔትወርክ ግን ለድምፅ ተብሎ የተለየ መስመር የለውም፤ ስልኩ ወይ ለንግግሩ ጊዜ ወደ ቀድሞው ኔትወርክ ይወርዳል፣ ወይም ደግሞ ቮልቲ በሚባለው ዘዴ ድምፁን እንደ ማንኛውም ዳታ በትናንሽ ጥቅል ቆራርጦ ይልከዋል። ከቮልቲውና ከዋትሳፑ ጥሪ መካከል ያለው ልዩነት፣ የመጀመሪያው በኩባንያው የራሱ ኔትወርክ ውስጥ ቅድሚያ ተሰጥቶት ሲያልፍ፣ ሁለተኛው በክፍቱ ኢንተርኔት ከሌላው ጋር ተጋፍቶ ማለፉ ነው። ስለዚህ ድምፁ በምን ዓይነት ቴክኖሎጂ ሄደ ብሎ መጠየቅ ለሕግ አውጪ የሚጠቅም መለኪያ መሆኑ ቀርቷል።

የሚጠቅመው መለኪያ ቁጥር ነው። አገልግሎቱ የስልክ ቁጥር ይሰጣል ወይ? ከ09 ወይም ከ07 ወይም ከ011 ቁጥር ጋር ያገናኛል ወይ? መልሱ አዎ ከሆነ በስልክ ኔትወርኩ ላይ የተንጠለጠለ የስልክ አገልግሎት ነውና ፈቃድ ያውጣ፣ የግንኙነት ክፍያ ይክፈል፣ ደንበኞቹን ይመዝግብ። መልሱ አይደለም ከሆነ፣ ሁለት ሰዎች አንድ መተግበሪያ ጭነው እርስ በርስ የሚያወሩበት ከሆነ፣ እንደ ስልክ ኩባንያ ሊያዝ አይገባም። ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው የኤሌክትሮኒክ ኮሙኒኬሽን ሕግ አገልግሎቶችን የሚከፍለው በቁጥር ላይ የተመሠረቱና ከቁጥር ነፃ የሆኑ በማለት ነው፤ ከበድ ያለው ግዴታ በመጀመሪያዎቹ ላይ፣ ቀለል ያለው በሁለተኞቹ ላይ ይወድቃል። አሜሪካኖቹም ወደዚያው መስመር የደረሱት ቀደም ብለው ነው። ኮሚሽናቸው በ2004 እ.ኤ.አ. ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ብቻ የሚደረግን ነፃ ጥሪ ከስልክ ኩባንያ ደንብ ውጪ አደረገው፤ በዓመቱ ደግሞ ከመደበኛው ስልክ ጋር የሚያገናኙት የኢንተርኔት ስልክ ሰጪዎች የ911ን የድንገተኛ ጥሪ እንዲያደርሱ፣ በ2006ም ለገጠርና ለድሃው የስልክ ተደራሽነት ፈንድ ድርሻቸውን እንዲያዋጡ አስገደዳቸው። ልብ በሉ፣ ያኛው አገር የጠየቀው «ከልክዬ ላስቀረው ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ስልክ ነኝ ካልክ የስልክን ሸክም ተሸከም» ብሎ ነው።

ሌላውም መንገድ ተሞክሯል። የተባበሩት አረብ ኤምሬቶች የዋትሳፕንና የመሰሎቹን የድምፅ ጥሪ ዘግታ፣ ፈቃድ ያገኙ እንደ ቦቲም ያሉ መተግበሪያዎችን ብቻ ታስተናግዳለች፤ ዱባይና አቡ ዳቢ ያሉ እህቶቻችን ቤተሰብ ለማግኘት ሲሉ የሚያዩትን ጣጣ እነሱን ያነጋገረ ያውቀዋል። ሳዑዲ ዓረቢያም በዚያው መንገድ ቆይታ በሴፕቴምበር 2017 እ.ኤ.አ. እገዳውን አነሳች። ሞሮኮ በ2016 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ዘግታ ዓመቱ ሳያልቅ መልሳ ከፈተች። ኡጋንዳ ደግሞ መዝጋቱን ትታ በሐምሌ 2018 እ.ኤ.አ. ማኅበራዊ መተግበሪያዎችን በሚጠቀም ሰው ላይ በቀን 200 ሺሊንግ ግብር ጣለች፤ ሰዉ በቪፒኤን እየዞረ ሸሻት፣ ከሦስት ዓመት በኋላም ያንን ግብር አንስታ በኢንተርኔት ዳታ ላይ 12 በመቶ ተካችበት። እኛም ዘንድ በ2008 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም እንደ ቫይበርና ዋትሳፕ ያሉትን ለብቻ የማስከፈል ሐሳብ እንዳለው በይፋ ተነግሮ ነበር። ሳይገፋበት መቅረቱ ደግ ሆነ።

ገቢ ይቀንሳል የሚለውን ሥጋት በተመለከተ አንድ ቀላል ስሌት ላቅርብ። በመተግበሪያ የሚደረግ የድምፅ ጥሪ በአንድ አቅጣጫ በሰከንድ 32 ኪሎቢት ቢወስድ፣ መላኩና መቀበሉ ተደምሮ በደቂቃ ግማሽ ሜጋባይት ገደማ ዳታ ይበላል። ይህ ዳታ በነፃ አይመጣም፤ ደንበኛው ጥቅል ገዝቶ ነው። እናትየዋ ከጅዳ ልጇ ጋር በቪዲዮ አንድ ሰዓት ስታወራ የምትፈጀው ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። ኩባንያው በደቂቃ ይሸጠው የነበረውን በሜጋባይት እየሸጠ ነው ማለት ነው። ከውጭ በሚገባ ጥሪ የሚገኘው ዶላር መቀነሱ እውነት ነው፤ ነገር ግን ልጅቷ ኢሞውን ብትከለከል በ23 ሴንት ትደውል ነበር ብሎ ማሰብ ደመወዟን አለማወቅ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ኢንተርኔት ዋጋን በ43 በመቶ፣ የድምፁን በ40 በመቶ ሲቀንስ ያደረገው ነገር ደንበኛን በዋጋ መሳብ ነበር፤ የትክክለኛው መንገድ አቅጣጫ ያ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ራሴ ሥራ ልመለስ። አንድ የሕክምና መሣሪያ አስመጪ ደንበኛ አለኝ። ዋናው ቢሮው አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፉ ሐዋሳ ነው፤ በሁለቱ መካከል በየወሩ ኪራይ የሚከፍልበት የዳታ መስመር አለው። የጠየቀኝ ነገር ቀላል ነበር። ሐዋሳ ያለችው የመጋዘን ኃላፊ አዲስ አበባ ያለውን ሒሳብ ክፍል ሦስት አኃዝ ደውላ እንድታገኘው፣ ማለትም ሁለቱ ቢሮዎች እንደ አንድ ቢሮ በኤክስቴንሽን እንዲገናኙ ነው። ሥራው የሁለት ቀን ሥራ ነው። ስድስት የአይፒ ስልክ፣ ማለትም ድምፅን በዳታ መስመር የሚልክ የጠረጴዛ ስልክ፣ ገዛን። ከዚያ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ ለማጣራት አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ፤ «በኢንተርኔት ድምፅ ማስተላለፍ ክልክል ነው» ተባልኩ። ሌላ መሥሪያ ቤት ሄድኩ፤ «ለውስጥ አገልግሎት ከሆነ ችግር የለውም» ተባልኩ። «ይህንኑ በጽሑፍ ይስጡኛ» ስል «ደብዳቤ ያስገቡ» አሉኝ። አስገባሁ። የመዝገብ ቁጥር ተሰጥቶኛል፣ የገቢ ማኅተም ተመትቶልኛል፤ ይኸው ሰባት ወር ሆነው። ደንበኛዬ የሦስት ዓመት እስራት የሚል አንቀጽ ካነበበ በኋላ በአፍ በተነገረ ፈቃድ አልሠራም አለ፤ አልፈርድበትም። ስልኮቹ በካርቶናቸው መደርደሪያዬ ላይ ተደርድረዋል፤ የመጋዘን ኃላፊዋም በግል ሞባይሏ በቴሌግራም እየደወለች ሒሳብ ክፍሉን ታገኛለች። ይህ ማለት ድርጅቱ የራሱን ሥራ በራሱ መስመር ላይ እንዳያወራ ፈርቶ፣ ሰርቨሩ (አገልግሎቱን የሚያስተናግደው ኮምፒውተር) ባሕር ማዶ ባለ መተግበሪያ ያወራል። ሕጉ ይህንን ፈልጎ ይሆን?

ይህን ስል ቁጥጥር አይኑር ማለቴ አይደለም፤ በዚህ ሥራ ላይ የኖርኩ ሰው ቁጥጥር ሲጎድል ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ቁጥር የሚሰጥ የኢንተርኔት ስልክ ቢፈቀድ በመጀመሪያ የሚያሳስበኝ የድንገተኛ ጥሪ ነው። በመዳብ ሽቦ የሚሠራው የድሮው ስልክ ኃይሉን የሚያገኘው ከማዕከሉ ስለሆነ መብራት ሲጠፋ ይሠራል፤ የአይፒ ስልክ ግን መብራት በሄደ ቅጽበት እሱም ይሄዳል፣ ባትሪ ከሌለው። ከዚህ የሚከፋው አድራሻው ነው። 011 ቁጥር የተሰጠውን የአይፒ ስልክ ነቅዬ ሐዋሳ ብሰካው እዚያም ይሠራል፤ ቁጥሩ ግን አሁንም አዲስ አበባ ነኝ ይላል። በዚያ ስልክ 991 ለፖሊስ፣ 939 ለእሳት አደጋ ወይም 907 ለቀይ መስቀል አምቡላንስ የደወለ ሰው ጥሪው የት ይድረስ? ይህንን አስቀድሞ ያልመለሰ ፈቃድ ሰው ይገድላል። አሜሪካኖቹ ደንባቸውን በ2005 እ.ኤ.አ. በጥድፊያ ያወጡት ይህ ሥጋት እውነት ሆኖ ስላገኙት ነው። እኛ ግን ገና ሳንጀምር ልናስብበት ጊዜው አለን፤ ፈቃድ ሰጪው ደንበኛው ያለበትን አድራሻ በየጊዜው እንዲያድስ ማስገደድና ድንገተኛ ጥሪ የማያደርስ መሣሪያ በግልጽ ተጽፎበት እንዲሸጥ ማድረግ ከባድ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ የጥራት ነው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለጥሩ ንግግር የሚመክረው፣ ድምፅ ከአፍ እስከ ጆሮ ለመድረስ ከ150 ሚሊ ሰከንድ በላይ እንዳይወስድ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሆን የአራት ኪሎዋ «ሰማሽኝ» ትመለሳለች። ኔትወርኩን የያዘ ኩባንያ የተወዳዳሪውን የድምፅ ጥቅል ለይቶ ማዘግየት የሚችልበት መሣሪያ አለው፤ ሳይዘጋ ማበላሸት ይችላል፤ ደንበኛውም «ኔትወርክ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ባለሥልጣኑ የጥሪ መቆራረጥን እንደሚለካ ሁሉ ይህንንም ይለካ፤ አንድ ኩባንያ በማናቸውም መተግበሪያ ላይ ልዩ ገደብ የሚያደርግ ከሆነም ለደንበኛው እንዲያሳውቅ ይገደድ።

የጸጥታ ጉዳይ ሲነሳ፣ የመተግበሪያ ጥሪዎች የተመሰጠሩ ስለሆኑ በሕግ የተፈቀደ ክትትልን ያደናቅፋሉ የሚለው ክርክር ይመጣል። ክርክሩ ተራ አይደለም። ነገር ግን የ761 አንቀጽ 10 ለዚህ መልስ አይሆንም፤ በውጭ አገር የሚገኝን መተግበሪያ ሊያስቀጣ አይችልምና እጁ የሚደርሰው እዚህ ባለው ተጠቃሚ ላይ ብቻ ነው። ቁጥር የሚሰጥ አገር በቀል የኢንተርኔት ስልክ ግን ፈቃድ ሰጪው የሚያውቀው፣ ደንበኛው የተመዘገበ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የጥሪ መዝገቡ የሚገኝ ይሆናል። በተለይም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ፣ ማን ምን መረጃ ለስንት ጊዜ ያስቀምጣል የሚለውን በደንብ ለመጻፍ መሠረቱ አለ። ሕጋዊውን የዘጋ ሰው ሁሉንም ወደማይታየው ይገፋዋል፤ የእኔዋ የመጋዘን ኃላፊ ምስክር ናት።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የ2004ቱን አዋጅ ሲያሻሽል ሲም ቦክስንና ያለፈቃድ ቁጥር መሸጥን የሚመለከቱትን ድንጋጌዎች ይዞ፣ ተጠቃሚን የሚቀጣውን ክፍል ይሠርዝ። ይህ ጊዜ የሚወስድ ከሆነ፣ እስከዚያው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በሥልጣኑ ክልል ውስጥ ሆኖ አንድ ድርጅት በራሱ ቢሮዎች መካከል በራሱ ወይም በተከራየው መስመር የሚያደርገው የድምፅ ግንኙነት ፈቃድ እንደማያስፈልገው ወይም እንደሚያስፈልገው በጽሑፍ ያሳውቅ። «ያስፈልጋል» ካለም ቅር አልሰኝም፤ የት እንደሚወጣ፣ ስንት እንደሚከፈልበትና በስንት ቀን እንደሚሰጥ ይንገረን። መልሱ በዚህ ጋዜጣ ላይ ቢወጣ ቆርጬ ለደንበኞቼ አሳያለሁ፤ በመዝገብ ቁጥር ከመመላለስ ያድነኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቢሮ ስልክ ቴክኒሺያን፣ አዲስ አበባ